የፊደል መቁረጫ ማሽን ፍለጋ፦ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ

ይህን የምጽፈው ወደ ናዝሬት ከተመለስኩ በኋላ፣ ሱቄ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነው። ፍኖተ ሰላምን አይታችሁ የማታውቁ፣ ወደፊትም የማየት ሐሳብ የሌላችሁ ብዙ እንደምትሆኑ እገምታለሁ። አልፈርድባችሁም። እኔም ብሆን ከዚህ ጉዞ በፊት ጎጃምን የማውቀው በቅቤውና በሰፈራችን ዘበኛ በኩል ብቻ ነበር።

ስሜ አስካለ ነው። ናዝሬት ውስጥ ማስታወቂያ ቤት አለኝ። ታፔላ እንሠራለን፤ የፋርማሲውንም የሆቴሉንም ስም ፊደል በፊደል እየቆረጥን ግድግዳ ላይ እናቆማለን። "እንቆርጣለን" ስል የምቆርጠው እኔ ነኝ። ጂግሶ የሚባለውን እየተንቀጠቀጠ የሚሠራ የእጅ መጋዝ ጨብጬ ነው የኖርኩት። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ቀኝ እጄ ደነዘዘ። መጀመሪያ ጣቶቼ፣ ቀጥሎ መዳፌ። ብርጭቆ ስይዝ መያዜን የማውቀው በዓይኔ ነው። ሐኪሙ መጋዙን ካልተውኩ እጄ ጭራሽ እንደማይመለስ ነግሮኛል።

ይህንን ለማንም አልተናገርኩም። ባለቤቴ ከሰማ ቤተሰቡ ይሰማል፤ ቤተሰቡ ከሰማ ሱቁ በሳምንቱ ተዘግቶ ግቢው ለባጃጅ ማሳደሪያ ይከራያል። ይህን እቅድ ከሠርጌ ማግስት ጀምሮ ሲመካከሩበት ሰምቻለሁ። ስለዚህ ሰው ሳያውቅብኝ እጄን የሚተካ ነገር ያስፈልገኝ ነበር፤ እሱም ሲኤንሲ ራውተር የሚባለው ማሽን ነው። ኮምፒውተር ላይ የሣላችሁትን ፊደል፣ ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጉለት ምላጩን እያሽከረከረ ራሱ ይቆርጠዋል። ጥሩውን ከመረጥኩ ሱቄ ይኖራል። መጥፎውን ከመረጥኩ ግን ወደ መጋዜ የምመለስበት እጅ የለኝም።

ጊዜው አገሩ በሙሉ አንድ ለአምስት የተደራጀበት ነበር። አዲስ ማሽን ከውጭ ለማስመጣት ዶላር የሚፈቀደው ለልማታዊ ባለሀብት ነው፤ እኔ ልማታዊ መሆኔም ባለሀብት መሆኔም አልተረጋገጠም። መርካቶ ያለ አንድ ደላላ ጎጃም ውስጥ ሁለት ማሽኖች እንደሚሸጡ ነገረኝ። አንዱ ያገለገለ ነው፣ ፍኖተ ሰላም አንድ አናጢ ቤት ይገኛል። ሌላው ምንም ያላገለገለ ነው፣ ቡሬ አንድ የወጣቶች ማኅበር እጅ ላይ አለ።

ሴት ልጅ ብቻዋን ጎጃም ድረስ ሄዳ ማሽን ትግዛ ወይ የሚለው ጉዳይ ለቤተሰብ ስብሰባ ቀረበ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ደምሴ አብሮኝ እንዲሄድ ተወሰነ። ጋሽ ደምሴ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር ነው። ስለ ማሽን የሚያውቀው በየትኛው ክፍለ ዘመን እንደተፈለሰፈ ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ጋሽ ደምሴ በጥቁር ሙሉ ልብስና በክራባት ብቅ አለ። "ማሽን ስንገዛ ሰው መምሰል አለብን" አለኝ። እኔ ጂንስ ሱሪና ሸራ ጫማ ነበር ያደረግሁት፤ እንግዲህ ሰው አልመሰልኩም ማለት ነው። አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ አጠገብ አንድ አልቤርጎ አደርን። ጋሽ ደምሴ ቤቱ ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ ያለ ታሪካዊ ቤት መሆኑን አስረዳኝ። ትኋኖቹም የዚያን ዘመን ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ልምድ ነበራቸው።

ሁለተኛው ቀን

ሳይነጋ ተነስተን አውቶቡስ ገባን። ሾፌሩ ከሱሉልታ ጀምሮ ስለ ግድቡ የተዘፈነውን ሁሉ እያከታተለ ከፈተልን። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ግማሹ ተሳፋሪ ፌስታል ይዞ አጎንብሷል፣ ጋሽ ደምሴ ደግሞ ስለ ድልድዩ ታሪክ ላጎነበሰው ሁሉ ያስተምራል።  ናዝሬት ውስጥ ቢሆን ቢያንስ አንድ ሰው ዝም በል ይለው ነበር፤ እዚህ ግን ትልቅ ሰው ሲናገር እያስታወኩም ቢሆን ያዳምጣሉ።

ደብረ ማርቆስ ለምሳ ወረድን። ዕለቱ ረቡዕ መሆኑን ረስቼ ጥብስ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። የምታስተናግደን ልጅ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ፤ ለእኔ ሳትመልስ ለጋሽ ደምሴ "ሽሮ ነው ያለን ጌታየ" አለችው። እኛ ጋ በጾም ቀን ጥብስ የሚፈልግ ሰው ወደ ጓሮ ይገባል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ሽሮው ግን፣ ሐቁን ልናገር፣ ናዝሬት በሕይወቴ ከበላሁት ሁሉ ይበልጥ ነበር።

ደምበጫን አልፈን፣ አመሻሽ ላይ ፍኖተ ሰላም ደረስን። አናጢው አያ ይስማው መናኸሪያው በር ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። በሃምሳዎቹ ያሉ፣ ደረቅ ያሉ ሰው ናቸው፤ ጆሯቸው ላይ እርሳስ ሰክተዋል። እኔን አልፈው ለጋሽ ደምሴ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

"እንኳን ደህና መጡ ኢንጂነር! መንገዱ እንዴት ነበር?"

ጋሽ ደምሴ ኢንጂነር አለመሆኑን ሊናገር አፉን ከፈተ። ከዚያ ክራባቱን አስተካከለና "መንገዱ ደህና ነው" አለ። ኢንጂነር የሆነው በዚያች ቅጽበት ነው፤ ሌላ ሰው ዓመታት ይፈጅበታል።

ሆቴል እንፈልጋለን ብንል አያ ይስማው ሊጣሉን ደረሱ። "እንግዳውን ሆቴል የሚሰድ ሰውማ አገሩን ለቆ ይሂድ!" ብለው ሻንጣችንን ነጥቀው ቤታቸው ወሰዱን። የተኛሁበት አልጋ ራስጌ ላይ አንድ አበባ ተቀርጾበታል፤ አምስት ቅጠል ያለው፣ ጽጌረዳ ይሁን ጎመን የማይለይ። ቁም ሳጥኑም ላይ ያው አበባ አለ። በሩም ላይ አለ። ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ የጎረቤቱ የሽንት ቤት በር ላይም አየሁት።

ሦስተኛው ቀን

አያ ይስማው ማሽኑን የገዙት ከከሰረ አንድ ባለሀብት ነው። አብሮት የመጣው ሥዕል ያ አበባ ብቻ ነበር። ሌላ ሥዕል እንዴት እንደሚገባ ስላላወቁ ለዓመታት አበባውን ሲቆርጡ ኖረዋል። አሁን በፍኖተ ሰላም አበባው የሌለበት አልጋ የለም፤ የሬሳ ሳጥን ላይም ሠርተውታል። ከተማው ስለጠገበ ትዕዛዝ ቆመ፤ ማሽኑን የሚሸጡት ለዚህ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ጠርጥሬ ነበር።

መብራት ጠፍቷል። በጨለማው የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ማሽኑን ዞሬ አየሁት። ጠረጴዛው አንድ ሙሉ ሰሌዳ ይይዛል፤ ለኔ ይበቃል። የሚሄድበት ሐዲድ ቅባት ጠጥቷል። ያረጀ ማሽን ጤንነቱ የሚታወቀው ክብ ሲቆርጥ ነው፤ ብሎኖቹ ከላሉ ክብ ቁረጥ ስትሉት እንቁላል ይቆርጥላችኋል። የአማርኛ ፊደል ደግሞ በትናንሽ ቀለበት የተሞላ ነው፣ የ"ጤ"ን እግር ብቻ ማየት ይበቃል። የእንቁላል እግር ያለው ጤና ጣቢያ ማንም አይቀበለኝም።

"ክብ ሲቆርጥ ማየት እፈልጋለሁ" አልኳቸው።

"መብራት ሲመጣ ያያሉ" አሉ ለጋሽ ደምሴ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ማሽኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። "እንግዲህ ልንገርዎ ኢንጂነር። ይኸ ማሽን ይተኛል።"

"ይተኛል?" አልኩ እኔ።

"ይተኛል" አሉት ጋሽ ደምሴን። "ቀትር ሆኖ ቤቱ ሲሞቅ፣ ሥራ መሀል ቀጥ ነው። ቢለምኑት አይነሳም። ከራሱ ውኃ ያፈሳል። ወደ ግራ ሲመለስ ይጮሃል፣ ጎረቤት ከሶኛል። አንድ ቀን ደግሞ ምላጩን ወርውሮ መስኮት ሰብሯል። ይኸው መስኮቱ።"

መስኮቱ በካርቶን ተሸፍኗል።

እኔ እንዲህ ያለ ሻጭ አይቼ አላውቅም። እኛ አገር ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ሰው፣ መኪናዋን የነዷት አንዲት መነኩሲት ብቻ እንደሆኑ፣ እሳቸውም ለቅዳሴ ብቻ እንደነዷት ይምልላችኋል። እኚህ ሰውዬ ግን ዕቃቸውን አንድ ባንድ ያዋርዳሉ። ወይ ሊሸጡልኝ አልፈለጉም፣ ወይ ለሌላ ሰው ቃል ገብተዋል ብዬ ተናደድኩ። ጋሽ ደምሴ ደግሞ "ባለቤቱ ራሱ መሰከረ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?" አለኝ።

ምሳ ላይ የአያ ይስማው ባለቤት እትየ ብርቱካን አንድ ገበታ ላይ አስቀመጡን። እንጀራው ከጣቴ ሁለቴ ወደቀ። ጋሽ ደምሴ ስለ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እያወራ ስለነበር አላየም። እትየ ብርቱካን ግን አይተው ምንም ሳይሉ ያጎርሱኝ ጀመር። "በሞቴ፣ በሞቴ" እያሉ ምሳውን ጨርሼ እስክነሳ እጄን ወደ ገበታው አላስዘረጉኝም። እንግዳ ማክበር ይመስል ነበር፤ እኔ ግን ገብቶኛል፣ አንገቴን ደፍቼ ጎረስኩ።

አራተኛው ቀን

ቡሬ በሚኒባስ ቅርብ ነው፤ በርበሬ ግን ከኛ ጋር ተሳፍሯል። ሁለት ጆንያ ሙሉ በርበሬ ከኋላችን ነበር። ከፍኖተ ሰላም መውጫ እስከ ቡሬ መግቢያ እያነጠስን ሄድን፤ ጋሽ ደምሴ ሦስት ጊዜ ስለ አገሩ አፈር ለምነት ንግግር ጀምሮ ሦስቱንም ጊዜ ማስነጠስ አቋረጠው። በርበሬ እንዲህ ቁም ነገር ይሠራል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

የማኅበሩ ሼድ በራፍ ላይ ሊቀመንበሩ አንለይ የተባለ ትሑት ወጣትና ከአንድ ጽሕፈት ቤት የመጣ ኃላፊ ተቀበሉን። ወደ ውስጥ ገባን። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ረጅም የስብሰባ ጠረጴዛ አለ፤ የታሸገ ውኃ ተደርድሮበታል፣ መሀሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ የታሰረበት አንድ ምሰሶ ቆሟል። ጋሽ ደምሴን ከራስጌ አስቀመጡት። እኔ ከግርጌ፣ በሩ አጠገብ ደረሰኝ።

"ማሽኑ የት ነው?" ብዬ ልጠይቅ ስል ጨርቁ ከክርኔ ስር ተንሸራተተ። ክርኔን ያሳረፍኩት ማሽኑ ላይ ነበር። ያ ባለ አበባ ምሰሶ ምላጩን የሚያሽከረክረው ጭንቅላቱ ነው። በፕሮጀክት መጥቶ፣ ተመርቆ፣ ሪባኑ ተቆርጦ፣ ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ሲካሄድበት ኖሯል። ከሪባኑ ሌላ የተቆረጠ ነገር የለም፤ እሱም በመቀስ ነው።

ቢሆንም ጨርቁን ገለጥ አድርጌ ሳየው ልቤ ዘለለ። ሰሌዳውን አየር እየሳበ ራሱ አጣብቆ የሚይዝ ጠረጴዛ ነበረው። በማያጠብቅ እጅ ማሰሪያ ብሎን ከማጥበቅ የሚገላግለኝ ይህ ነው። ሐዲዱ ያበራል። እውነቱን ልናገር፣ እዚያው ወደድኩት።

"ይቆርጣል?" ብዬ ጠየቅሁ።

ኃላፊው ወደ ጋሽ ደምሴ ክራባት ዞሮ "በመርህ ደረጃ ይቆርጣል ኢንጂነር" አለ።

"በተግባርስ?"

"በተግባር ደረጃ የስሪ ፌዝ መብራት መስመር ዝርጋታው በሂደት ላይ ነው።"

"ማዘዣውስ? በእጅ የሚያዘው፣ ባለ ቁልፉ?"

"እሱ ቢሮ ተቆልፎበታል። ቁልፉ ያለው ባልደረባ ስልጠና ላይ ነው።"

"መቼ ይመለሳል?"

ኃላፊው አሁንም ለጋሽ ደምሴ ፈገግ አለለት። "እህታችን ትንሽ የአመለካከት ችግር ያለባት ትመስላለች።"

ከዚያ ንግግር ተጀመረ። ኃላፊው ተናገረ። ለንግግሩ ምላሽ ጋሽ ደምሴ ተነሳ፤ ከእንፋሎት ሞተር ተነስቶ በጃፓን በኩል ዞሮ ቡሬ ደረሰ። ሲያሞቁት ሞቀ። "ስለዚህ ወስነናል፣ እንገዛዋለን!" ብሎ ቁጭ አለ። ሼዱ በጭብጨባ ተሞላ፤ ግዢው በጭብጨባ ጸደቀ። እኔም ደንግጬ አጨበጨብኩ። ቀኝ እጄ ግራዬን መምታቱን ያወቅሁት በድምፁ ነው።

ስንወጣ ጋሽ ደምሴን መንገድ ላይ አስቆምኩት። "ሳይሠራ ያላየነውን ማሽን እንዴት ገዛነው ትላለህ?"

"ሰው ፊት ቃል ሰጥቻለሁ አስካለ። ቃል ደግሞ አይታጠፍም።"

"የምሠራበት እኔ ነኝ እኮ!"

"ቃሉ የቤተሰቡ ነው" አለኝ።

ልጮህበት ነበር። ከኋላችን አንለይ እየሮጠ መጣ። ፊቱ አፍሯል። "ጋሼ" አለው ጋሽ ደምሴን፣ "ዋስ ሳይቆም ሽያጭ እንዴት ይሆናል? ነገ አጎቴን እንጠይቅ። አያ ስንሻው ይባላሉ፣ ወደ ሽንዲ መንገድ ነው ያሉ። እሳቸው ከተዋሱ ለኛም ለእናንተም ይሻላል።"

ነገሩን ለማታውቁ፣ እኔም አላውቅም ነበርና፣ እንዲህ ነው። በዚያ አገር በሬ ሲገዛ ዋስ ይቆማል። ዋሱ በሬው የተሰረቀ እንዳልሆነ፣ ሻጩም ነውሩን ሁሉ እንደተናገረ ያረጋግጣል። ይዋጋል፣ ይተኛል፣ ከቀንበር ይወጣል፣ ያለበት ሁሉ በሰው ፊት ይነገራል። ያልተነገረ ነውር በኋላ ቢወጣ መልስ የሚሰጠው ዋሱ ነው።

አምስተኛው ቀን

በባጃጅ ትንሽ ሄደን፣ ከዚያ በእግር ማሳ ለማሳ። ጋሽ ደምሴ በቆዳ ጫማው ጭቃ ውስጥ ሰጠመና አንዱን ጫማ አንለይ በእጁ ቆፍሮ አወጣለት። የናዝሬት አቧራ ናፈቀኝ፤ አቧራ ቢያንስ ጫማ አይውጥም።

አያ ስንሻው ቀጭን፣ ነጭ ሪዝ ያላቸው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ገበሬ ናቸው። የመጣንበትን ሳይጠይቁ ጠላና ትኩስ ዳቦ አቀረቡ። የመጀመሪያውን ዋንጫ ስንጨርስ "አልሞላሁላችሁም እኮ" እያሉ ሦስት ጊዜ ሞሉልን። ነገሩ ከዚያ በኋላ ተነገራቸው። ማሽን ምን እንደሆነ አልጠየቁም፤ ጋቢያቸውን ለብሰው ዱላቸውን ይዘው ተነሱ።

"ገዥው እርሰዎ ነዎት?" አሉት መንገድ ላይ ጋሽ ደምሴን።

"አዎ፣ በቤተሰብ ደረጃ" አለ። ከኃላፊው ተምሯል።

ሼዱ ውስጥ አያ ስንሻው ማሽኑን አንድ ጊዜ ዞሩት። ጨርቁን በዱላቸው ጫፍ ገለጥ አደረጉ።

"ከመጣ ስንት ዘመኑ ነው?"

"ሦስት ዓመት" አለ አንለይ።

"አርሷል?"

ኃላፊው "በመርህ ደረጃ ሲታይ…" ብሎ ጀመረ።

"አልሰማሁህም ልጀ። አርሷል ወይ ነው ያልሁህ።"

"አላረሰም" አለ አንለይ ወደ መሬት እያየ።

"ነውሩስ?"

"ምንም ነውር የለበትም!" አለ ኃላፊው።

"ሳይጠመድ እንዴት አወቅኸው?" አያ ስንሻው ጨርቁን መልሰው አለበሱት። "ሥራ ያልያዘ ወይፈን ነው። መልካም ሊሆን ይችላል፣ እኔ እንጃ። እኔ ግን ለወይፈን አልዋስም።"

ኃላፊው የዋስ ነገር ኋላ ቀር አሠራር መሆኑን ለጋሽ ደምሴ አስረዳ። ሽማግሌው በትዕግሥት አዳመጡት። "ኋላ ቀርስ ነው። እንግዲያ አንተ ትዋሳለህ?" አሉት። ኃላፊው ስልኩን አውጥቶ አየ፤ ቡሬ ውስጥ ያን ቀን ኔትወርክ አልነበረም፣ እሱ ግን ለረጅም ጊዜ አየው።

ዋስ ካልቆመ ሽያጭ የለም፤ የጋሽ ደምሴ ቃልም ከጭብጨባው ጋር እዚያው ቀረ። እኔ እፎይ ማለት ሲገባኝ ከፋኝ። ያ ጠረጴዛ አምሮኝ ነበር፤ ደግሞም ባዶ እጄን መመለሴ ነው። ጋሽ ደምሴ "ፍኖተ ሰላም ያለውንማ ባለቤቱ ራሱ አይረባም ብሎናል" ብሎ አማረረ።

"አናጢው ይስማው? አውቀዋለሁ። ምን ብሎ?" አሉ አያ ስንሻው።

እኔ ነኝ የቆጠርኩላቸው። ቀትር ላይ መተኛቱን፣ ውኃ ማፍሰሱን፣ መጮሁን፣ መስኮቱን።

"ሌላስ?"

"ሌላ አልነገሩንም።"

"ታዲያ ነውሩን አንድ ባንድ ካስታወቀሽ ምን ቀረሽ? ሊሸጥልሽ እኮ ነው ልጀ። ላይሸጥልሽማ ቢሆን ምን አደከመው?"

አፈርኩ። ሰውዬው እንደ ደንቡ፣ እንደ ክብራቸው ሊሸጡልኝ ሲዘጋጁ እኔ እንደ ስድብ ቆጥሬባቸው ነበር። ናዝሬት ያሳደገችው ሰው እውነት ሲነገረው ሌባ ይመስለዋል። አያ ስንሻው ዋስ ለመሆን ነገ አብረውን እንደሚሄዱ ተናገሩ፤ እኔም እግራቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም።

ስድስተኛው ቀን

አያ ስንሻው ሰው ቤት ባዶ እጃቸውን አይሄዱም፤ አንድ ትንሽ ጄሪካን ማር ይዘው ተሳፈሩ። ክብር ነው ብለው ጋሽ ደምሴ ጭን ላይ አስቀመጡት። ክዳኑ የላላ መሆኑ የታወቀው መንገድ ላይ ነው። ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ጥቁሩ ሙሉ ልብስ ከወገብ በታች ማር ሆኖ፣ የከተማው ዝንብ በሙሉ ኢንጂነሩን ሊቀበል ወጥቶ ነበር። እትየ ብርቱካን ልብሱን አስወልቀው አጠቡለት፤ ጋሽ ደምሴ የአያ ይስማውን ቁምጣና አሮጌ ካኪ ኮት ለብሶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ኢንጂነር ብሎ የጠራው አልሰማሁም።

መብራት ነበረ። አያ ይስማው በአያ ስንሻው ፊት ነውሩን እንደገና ከመጀመሪያ ጀምረው ቆጠሩ፣ አንድም አልቀነሱም፣ አልጨመሩም። ከዚያ ያመጣሁትን ፍላሽ ሰካሁ። ማሽኑ ከአበባው ሌላ ነገር ሲቆርጥ ሊያዩ ጎረቤቶች በሩ ላይ ተሰበሰቡ። ካርቶን ካለው መስኮት ፊት ገለል በሉ አልኳቸው። ቁልፉን በግራ እጄ ነካሁ።

"ጤና ጣቢያ" እያለ ሄደ። ወደ ግራ ሲመለስ ጮኸ፤ ያ የከሰሳቸው ጎረቤት በሩ ላይ ቆሞ "ይኸው!" አለ። ዱቄቱን እፍ ብዬ የ"ጤ"ን እግር በመለኪያዬ ያዝኩት፤ በቁመት፣ በወርድ፣ በአግድም። ክብ ነበር። እንደገና ለካሁት። ክብ ነው። አልቅሺ አልቅሺ አለኝ፤ ዱቄቱ ዓይኔ ውስጥ የገባ አስመሰልኩ።

ሁለተኛውን ሰሌዳ ስንጀምር ቀትር ሆነ፣ ቆርቆሮው ጋለ፣ ከማሽኑ ራስ ውኃ ጠብ ጠብ አለና ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ተኛ" አሉ አያ ይስማው፣ በኩራት ማለት ይቻላል። "ብየ የለ?"

የተኛበትን ምክንያት አየሁት። ራሱን የሚያቀዘቅዘው የውኃ ፓምፕ ደክሟል፤ ናዝሬት በየሱቁ የሚገኝ ዕቃ ነው። ዋጋው ላይ ብዙ አልተከራከርንም፤ ነውሩ በሙሉ ስለተነገረ የማዋርደው ነገር አልቀረልኝም።

የቀረው እጅ ለእጅ መያያዝ ብቻ ነበር። ሻጭና ገዥ ይጨባበጣሉ፣ ዋሱ እጁን ከላይ ያደርጋል፣ አለቀ። ጋሽ ደምሴ የካኪውን እጅጌ ሰብስቦ ቀኝ እጁን ዘረጋ። አያ ስንሻው እጃቸውን አላነሡለትም።

"የሚያርስበት ማን ነው?" ብለው ጠየቁ።

 "እኔ ነኝ" አልኩ።

"እንግዲያ እጅሽን አምጭ።"

ዘረጋሁ። አያ ይስማው ያዙኝ፤ መያዛቸውን አየሁ።

"አጥብቀሽ ያዥ ልጀ" አሉ አያ ስንሻው።

"ይዣለሁ።"

"አልያዘችኝም" አሉ አያ ይስማው።

ሁሉም እጄን አዩ። ጣቶቼ እንደ ጓንት ተንጠልጥለዋል። ልዋሽ እችል ነበር፣ ደክሞኝ ነው ልል እችል ነበር፤ ግን ያ ሰውዬ የገዛ ማሽናቸውን ነውር ሁለት ጊዜ ሲቆጥሩ ከሰማሁ በኋላ አፌ እምቢ አለ።

"አይጠብቅም" አልኩ። "እጄ ሞቷል። ካለፈው ክረምት ጀምሮ አይሰማኝም። ማሽኑን የምገዛው ለዚህ ነው። መጋዝ መያዝ አልችልም።"

ጋሽ ደምሴ ፊት ነው የተናገርኩት። ግቢው፣ ባጃጆቹ፣ የቤተሰቡ ስብሰባ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታዩኝ።

አያ ስንሻው የኔንም የአያ ይስማውንም እጅ በሁለት መዳፋቸው ጠቅልለው ያዙ። "እንግዲህ የሻጭም ተነገረ፣ የገዥም ተነገረ" አሉ። "ዋስ ነኝ።"

ከኋላ እትየ ብርቱካን እልል አሉ። ጋሽ ደምሴ በቁምጣው ቆሞ እጄን ያያል። በጉዞው ሙሉ አፉ ተዘግቶ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ምን እንደሚል እየፈራሁ ጠበቅሁ።

አያ ይስማው እንደ ልማዳቸው ወደ እሱ ዞሩ። "ታዲያ ጌታየ፣ መቼ ይጫን? ፈትተን ነው ወይስ እንዳለ?"

ጋሽ ደምሴ ክራባቱን ሊያስተካክል እጁን ወደ አንገቱ አነሳ። ክራባት አልነበረውም።

"እኔን አይጠይቁኝ" አለ። "የማሽኑ ባለቤት እሷ ናት፣ እሷን ይጠይቋት።"